የደረጃው ሰላምታ

እናትየው ከትንሿ ከተማቸው መጥተው ልጃቸው ጋ ሲገቡ የከበዳቸው የፎቁ ርዝመት ሳይሆን ዝምታው ነበር። እዚያ ገበያ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል፤ በየደጃፉ ቆመው ጤና ይጠያየቃሉና። እዚህ ግን ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ አንገቱን ደፍቶ ሽው ይላል።

"እማዬ፣ እዚህ የማይታወቅ ሰው ሰላም አይባልም፤ ይታዘቡሻል" አለቻቸው ልጅቷ።

"ሰላም ሳልለው መቼ ላውቀው?" አሉና በየጠዋቱ የወጣ የወረደውን "እንዴት አደራችሁ?" ማለቱን ቀጠሉ። አብዛኛው እንዳልሰማ ያልፋል። ማዳመጫ ከጆሮው የማይነቅለው ጎረምሳማ ቀና ብሎም አያያቸው። እሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን እግራቸው ወለም ብሏቸው አልጋ ላይ ዋሉ፤ እዚያው ሰነበቱ። ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ ስትከፍት ጎረምሳው ማዳመጫውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

"እናታችን ጠፉብኝ፤ ደህና ናቸው?"

ከኋላው እናትየው ደረጃው ላይ ሰላም የሚሏት አንዲት ነርስ ብርቱካን ይዛ ደረሰች። ጡረታ የወጣ ሹፌርም ከነሚስቱ ተከተለ። መኝታ ቤቱ ጢም አለ።

"አንቺ ልጄ፣ የት ነው የምትኖሪው?" አላት ሹፌሩ ነርሷን።

"ከእናንተ ግድግዳ ወዲያ ነኝ። ዓመታት ሆነኝ እኮ።"

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ሹፌሩም እያፈረ እጇን ጨበጠ።

እናትየው ትራሳቸውን ደገፍ ብለው እንደ ሙሽራ ተጀንነዋል። ልጅቷ አፏን ከፍታ ታያቸዋለች።

"ምን ትገተሪያለሽ? ወንበር አነሰ፤ ሂጂ ከጎረቤት ተዋሺ" አሏት። "አሁንማ ጎረቤት አለን።"