የምትተነፍሰው ግልገል

አራጌ አንዲት የጦጣ ግልገል በወንጭፍ የመታት ሳያስበው ነበር። ድንጋዩን የወረወረው መንጋውን ከማሽላው ለማባረር ነው፤ ትንሿ ላይ አርፎ ገደላት። የጎረቤት ማሳ ባለቤት ረዲ ግን ደስ አለው።

«ሲሳይህ ነው! እንጨት ላይ ስቀላት። ሌሎቹ እሷን እያዩ አይደፍሩህም፤ አባቶቻችን ማሳቸውን እንዲህ ነበር የሚጠብቁት» አለው።

አራጌ ሰቀላት። ማሽላው ገና ወተት መቋጠሩ ነው፤ ዝናቡ ቀድሞ ስለቀረ የዘንድሮ የቤቱ ቀለብ ከቆቦ በታች ያለችው ይህች ማሳ ብቻ ናት። መንጋው እውነትም ወደ ወንዙ ሸሸ። እናቲቱ ግን ቀረች። ማሳው ዳር ካለው ግራር ላይ ሆና እንጨቱን ስታይ ትውላለች። ድንጋይ ሲልክባት ጎንበስ ትላለች እንጂ አትሄድም። እሷን ትቶ የማይርቀው መንጋም ከወንዙ ማዶ ይንጫጫል።

ልጁ ሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሳውን ይዛለት ማሳውን ወደሚጠብቅበት ማማ ወጣች።

«አባ፣ መምህራችን ጦጣና ቢራቢሮ በምን ይለያያሉ ብሎ ጠየቀን።»

«ቢራቢሮ ማሽላ አይበላም፤ በይውና ተገላገይ።»

ሳቀች። «እሱማ አይበላም። ቢራቢሮ እንቁላሏን ቅጠል ላይ ጥላ ትበራለች፤ ልጇን ብታያትም አታውቃትም። ጦጣ ግን አቅፋ አጥብታ...» ድንገት ጣቷን ወደ እንጨቱ ቀሰረች። «አባ! ትተነፍሳለች!»

አራጌ ዞረ። የግልገሏ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። ከማማው ወርዶ ሲጠጋ ነው የገባው። የደረቀ ቅጠል የመሰሉ ቢራቢሮዎች ቁስሏ ላይ ሰፍረው እየጠጡ ክንፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይከድናሉ። ከሩቅ ለሚያይ እስትንፋስ ነው።

ወደ ግራሩ ቀና አለ። እናቲቱ ስታይ የሰነበተችው ይህንን ነው። ልጇ እየተነፈሰች እንዴት ትሂድ?

«አውርዳት፣ አባ» አለች ሩት።

«መንጋው ቢመለስብንስ? ምን ልንበላ ነው?»

አራጌ እንዲህ እያለ ገመዱን ፈታ፤ ግልገሏን ግራሩ ሥር አስቀምጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

እናቲቱ ወረደች። ቢራቢሮዎቹን በመዳፏ ጠረገቻቸው። በረሩ፤ የግልገሏም ደረት ቆመ። እናቲቱ ጠበቀች። በጣቷ ገፋ አደረገቻት፤ ደግማ ጠበቀች። ከዚያ ጥቁር ፊቷን አዙራ አራጌን አየችው፤ ልጇን ገና አሁን፣ እዚያው ፊቷ የገደላት ያህል።

ግልገሏን አቅፋ ወደ ወንዙ ሄደች። መንጋውም ተከትሏት ራቀ፤ ማሽላው እስኪታጨድ አንድም ጦጣ አልመጣም።

«የሰቀልካት ናት ያዳነችህ፤ አላልኩህም?» ይለዋል ረዲ ባገኘው ቁጥር።

ሩት ከትምህርት ቤት ደክሟት መጥታ ጋደም ስትል፣ አራጌ ነጠላዋ ደረቷ ላይ ከፍ ዝቅ ሲል ያያል። ያኔ ሥራውን ይተውና መዳፉን አፍንጫዋ ሥር ያደርጋል።

«አለሁ፣ አባ» ትለዋለች ዓይኗን ሳትገልጥ።