ሂናው የሸፈናቸው ጣቶች

ቱዳ የምንጣፉን የመጨረሻ ረድፍ ስትቋጥር ክሩን የምታገኘው በዓይኗ እንጂ በጣቷ አልነበረም። አትላስ ተራራ ላይ በረዶ ሲጥል አድሯል፤ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ይገባል። ጣቶቿን ከጫፋቸው ጀምሮ ደም ሸሽቷቸዋል፤ ንጣታቸውን ግን ያየ የለም። ሌሎች ሴቶች ለበዓል ብቻ የሚቀቡትን ሂና እሷ የብርዱን ወራት ሁሉ እስከ ጥፍሯ ትቀባለች።

ምንጣፉ ነገ ከምትዳረው ሴት ልጇ ጋር ወደ ሙሽራው ቤት ይሄዳል። በመንደሩ ሥርዓት የሸመነችው ሴት በገዛ እጇ የምንጭ ውሃ ረጭታ፣ ድሩንም ራሷ ትቆርጣለች። ሌላ ከቆረጠው እናት ለልጇ እንዳልሸመነች ይቆጠራል። ዛሬ የመንደሩ ሴቶች ድሩ ሲቆረጥ ሊያዩ ይመጣሉ።

«እማማ፣ እዚህ ጋ ሁለት ቋጠሮ ላልቷል» አለች የወንድ ልጇ ሚስት ኢቶ።

«የላላው ዓይንሽ ነው።»

«ይሁንልዎ። የሠራሁልዎትን ጓንትስ ምነው ሣጥን ውስጥ አስተኙት?»

«ሸማኔ ጓንት አጥልቃ? መንደሩ እስከ ፀደይ ሲስቅብኝ ይክረም?»

ቱዳ ተነሥታ እጆቿን ማንደጃው ላይ ዘረጋች። ሙቀቱ አልተሰማትም። ይበልጥ ወደ ፍሙ ዝቅ አደረገቻቸው። የእጅጌዋ ዘርፍ ሲለበለብ የሸተታት ኢቶ ናት፤ ክንዷን ይዛ ሳበቻት።

«አልተሰማዎትም?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ሂናው ለዓመታት ዋሽቶላታል።

«አልተሰማኝም» አለች ቱዳ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ኢቶ አልነቀፈቻትም። ትከሻዋን በብርድ ልብስ ጠቀለለች፤ እጆቿንም ወስዳ በራሷ ብብት ሥር ከተተቻቸው። «የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለመንደሩ ሴቶች ምን አሉ? ብርድ የመታው እጅ እሳት አይንካ፣ መጀመሪያ ገላ ይሙቅ አላሉም?»

ቀስ በቀስ ጣቶቿን ነዘራት፤ ከዚያ ጠዘጠዛት። ደሟ ተመለሰ። ወደ ምንጣፉ ሄዳ የላሉትን ቋጠሮዎች በዳሰሳ አገኘቻቸው፤ ፈትታ አጠበቀቻቸው።

ከምንጭ የተቀዳው ውሃ በሣህኑ ስስ በረዶ ሠርቷል። ቱዳ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ውሃውን ሞቅ አድርጊልኝ።»

«ሥርዓቱስ፣ እማማ?»

«የምንጭ ውሃ አሉ እንጂ ይቀዝቅዝ ያለ የለም። ጓንቱንም ይዘሽልኝ ነይ።»

ሴቶቹ ደጃፉ ላይ የጫማቸውን በረዶ ሲያራግፉ፣ ቱዳ ለብ ያለውን ውሃ ረጭታ፣ እጇን አድርቃ ጓንቱን አጥልቃ ነበር። በሩ ተከፈተ። ጓንት ያጠለቀ እጇን ኩታዋ ውስጥ አልደበቀችም፤ ድሩን የምትቆርጥበትን መቀስ ለማንሣት ዘረጋችው።