ሻኛ የተባለው ታክሲ

መርሃዊት መኪና መንዳት አትችልም። መሥራት ግን ትችልበታለች፤ የብረቱን ሳይሆን ሰዎች በኮምፒውተር ጌም ውስጥ የሚነዱትን። ካዛንቺስ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ እጸገነት ጋር በምትኖርበት ቤት፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ላፕቶፗ ላይ ኮፈን ስትቀርጽ፣ ፍሬቻ ስትተክል ትውላለች።

ያን ሰሞን ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። በየአገሩ የተበተኑ ተጫዋቾች ተጠራርተው በጌሙ ውስጥ አዲስ አበባን የምትመስል ከተማ ሠርተው ነበር፤ ለምረቃው ቀን ታክሲ እንድትሠራላቸው የጠየቁት ደግሞ እሷን ነው። ሰማያዊና ነጩን ሚኒባስ ከነጭረቱ፣ ከነተለጣፊ ጥቅሱ፣ የአምራቹን ስምና ሎጎ እንኳ ሳትረሳ ቁርጥ እሱኑ አድርጋ አወጣችው። ተጫዋቾቹ አበዱለት።

ምረቃው ሲቃረብ ታክሲው ከጌሙ ጠፋ። በምትኩ ከጌሙ ባለቤቶች የተላከ አጭር መልእክት ጠበቃት፤ የመኪና አምራቹን የንግድ ምልክት ያለ ፈቃድ ስለተጠቀምሽ ሥራሽ ተነሥቷል፣ ከደገምሽው አካውንትሽ ይዘጋል ይላል።

መርሃዊት ነጠላ ጫማዋን በቅጡ ሳትቀይር ኦሎምፒያ ወረደች። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ፍሬአብ እዚያ በአንድ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ የሚሠራው በንግድ ምልክት ጉዳይ ነው። ከቢሮው ሥር ያለው ካፌ ውስጥ አገኘችው።

«እኔ እኮ ማስታወቂያ ነው የሠራሁላቸው!» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «ማመስገን ሲገባቸው!»

«ማን ሥሪልን አለሽ?» ፍሬአብ ሳቀ። «ስሙም ሎጎውም የእነሱ ነው። ያየው ሰው እነሱ የሠሩት ወይ የፈቀዱት ነው የሚመስለው።»

«በቃ፣ ሎጎውን አነሣዋለሁ። ስሙ ላይም አንድ ፊደል እቀይራለሁ።»

«እንደ ፎርጅድ ጫማ? እሱም ያው ሰው ያምታታል። ደግሞ ሎጎው ቢነሣስ? ማለቴ፣ ፊቱን አይቶ ሰው ሁሉ የማን እንደሆነ ካወቀ፣ ቅርጹም ሊያስጠይቅሽ ይችላል።»

«ታዲያ ምን ቀረኝ?»

«የራስሽን ሥሪያ!»

እንዲህ ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ። መርሃዊት ንዴቷን ለማብረድ ሌላ ማኪያቶ አዘዘችና በመስታወቱ ታክሲ መያዣውን ታይ ጀመር። አንድ ሱፍ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ ሚኒባስ ሲገቡ ባርኔጣቸው በሩን ገጭቶ ወደቀ። ከኋላቸው ያለችው ሴትዮ እጥፍ ብላ ገባች። ቀጥሎ ያለውም ጎንበስ፣ የሚወርደውም ጎንበስ። ዕድሜ ልኳን ስታየው የኖረችውን ነገር ገና ያን ቀን አስተዋለችው፤ ሰው ሁሉ ታክሲ ሲገባ እጅ የሚነሣ ይመስላል። ብቻዋን ሳቀች። ከዚያ ሶፍት ስባ ማንም የማይጎነበስበት በር ሣለች።

ለቀናት ከወንበሯ አልተነሣችም። በሩን ከፍ ስታደርገው ጣሪያውም አብሮ መነሣት ነበረበት፤ በሩ ላይ ጉብ ብሎ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ተንጠልጥሎ ለሚውለው ረዳት ደህና መቀመጫ ሰጠችው። የፊት መብራቶቹን እንደ ጆሮ ወደ ላይ አወጣቻቸው። መጀመሪያ አስቀያሚ ሆነ፤ ሁለተኛውም ያው። እንደገና ስታፈርሰው እያመሸች፣ ሲያናድዳት እየተወችው፣ በመጨረሻ አንድ ቀን ራሱን ችሎ ቆመ። የማንንም ፊት አይመስልም። ቀለሙን ብቻ አልነካችውም፤ ሰማያዊና ነጩ የከተማው እንጂ የአምራቹ አይደለም።

ወይዘሮ እጸገነት ከቢሮ ሲመለሱ በትከሻዋ አሻግረው አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ ሻኛ ያወጣው?»

መርሃዊት ቀና አለች። «ምን አልሽ እማዬ?»

«ሻኛ ነዋ! አታይውም እንዴ ጀርባው ላይ?»

ስልኳን አንሥታ፣ ሻኛ የሚለውን ስም ሌላ ሰው ይዞት እንደሆነ እንዲያጣራላት ፍሬአብ ጋ ደወለች። በማግስቱ አጣርቶ መልሶ ሲደውልላት ሳቁ ቀድሞት ነበር። «መኪና ላይ ማንም አልያዘውም። ያገኘሁት አንድ ሥጋ ቤት ብቻ ነው። ክትፎ ፈልጎ ታክሲ ውስጥ የሚገባ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ አይምታቱም። ‹ፈጣን ታክሲ› ብትይው ኖሮ ሁሉም የሚለው ቃል ስለሆነ የእኔ ነው ማለት ይከብድሽ ነበር። ሻኛ ግን ይያዛል። ንድፎችሽን እንዳትጥያቸው፣ ማስረጃ ይሆኑሻል!»

«በጾም ምን ብላችሁ ልትጠሩት ነው?» አሉ ወይዘሮ እጸገነት ከጓዳ።

ሻኛን ወደ ጌሙ ላከችው። አለፈ። ተፈቅዷል የሚለውን መልእክት ደጋግማ ካነበበች በኋላ እናቷን አቅፋ ክፍሉን ዞረች።

የምረቃው ዕለት ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ላፕቶፑ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሻኛዎቹ በአዲሱ ጎዳና ተሰልፈው ቆመዋል፤ ተጫዋቾች ከየአገሩ እየመጡ ሳይጎነበሱ ይገባሉ። አንዱ ቀጭን ዘንግ የሚያህል ሰውዬ ሆኖ ነው የመጣው፤ እሱም ቀጥ ብሎ እንደቆመ ገባ። መርሃዊት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እስቲ እኔም ልሞክረው» አሉ ወይዘሮ እጸገነት።

«እማዬ፣ ሰው ጭኗል እኮ!»

«ታዲያ ታክሲ አይደል?»

ቁልፉን ተጫኑት። ሻኛ ተፈናጥሮ አስፋልቱን ለቀቀ፣ ሣሩን አቋርጦ አደባባዩ ላይ ያለው ፏፏቴ ውስጥ ዘው አለ፣ ከነተሳፋሪዎቹም ውኃውን እየረጨ በሌላው በኩል ወጣ። የመልእክት ሳጥኑ በሳቅ ተጥለቀለቀ። ከሁሉም መሐል አንድ ተሳፋሪ በትልልቁ ጻፈ፦

«ወራጅ አለ!»

«ፌርማታ ላይ ነው የሚወረደው በዪው» አሉ እናቷ፣ ቁልፉን ሳይለቁ።