በአጎበር ውስጥ ያለችው ቅጠል

ዉርያኒ ከምትኖርበት ከሶሎ ከተማ ተነስታ በላዉ ተራራ ግርጌ ካለው የእናቷ ቤት ስትደርስ ደጃፉ በጫማ ተሞልቶ አገኘችው። ይህን ያህል ጫማ በር ላይ የሚወልቀው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ነው፤ የሚዳር ደግሞ በቤቱ የለም። እናቷ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ዓመት አልፎታል። ሻንጣዋን ጥላ ሮጠች።

ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ይሳሳቃሉ። በእናቷ መኝታ ክፍል በር ላይ ተጋፍተው ወደ ውስጥ ያያሉ። አልጋው ላይ በተንጠለጠለው ነጭ አጎበር ውስጥ፣ እናቷ ይተኙበት በነበረው ስፍራ፣ አንድ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ተቀምጧል። ከማሰሮው የወጡት ቅጠሎች ሰፌድ ያካክላሉ፤ ጠርዛቸው ተሸብሽቧል፣ አረንጓዴያቸው ወደ ጥቁር ይወስዳል። ታላቅ ወንድሟ ሱካምቶ ተንበርክኮ፣ በኮኮናት ውሃ በነከረው ጥጥ አንዱን ቅጠል እንደ አራስ ገላ ያብሳል።

«ቀስ፣ የኔ ልዕልት» ይላል። «ቀስ በይ።»

«ሚስትህንም እንዲህ አሽተሃት ቢሆን ጥላህ ባልሄደች!» አለ ፓክ ሱጊማን የሚባል፣ እንዲህ ላለው በውድ ዋጋ ለሚሸጥ የጌጥ ቅጠል ያበደ እንግዳ። ቤቱ በሳቅ አውካካ።

«ማስ» አለች ዉርያኒ፤ ታላቅ ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። «ምቦክ የት አሉ?»

ሱካምቶ ዞር እንኳ አላለም። «እናታችን ጓሮ ናቸው። እዚያ ይሞቃቸዋል። በሩን መለስ አድርጊው፣ ነፋስ እንዳይመታት።»

በሩ ሲንቀሳቀስ ከጓሮ በኩል ከባድ ሽታ መጣ። ፓክ ሱጊማን አፍንጫውን በእጅጌው ያዘ። «ኧረ ምን ሞቶብህ ነው?»

«የፍየሎቹ ሽታ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ ሱካምቶ ፈገግ ብሎ።

ዉርያኒ ወደ ጓሮ ወጣች። ከፍየሎቹ በረት ጋር በተለጠፈው የማድቤት ጥግ፣ እናቷ ሽንት በጠጣ ሰሌን ላይ ተጋድመዋል። ዳሌያቸው ቆስሏል። ዝንቦቹ እሽ የሚላቸው ስለሌለ እንደ ባለቤት ተረጋግተው ተቀምጠዋል። ክንዳቸውን ትንኝ በልቶት ሽፍ ብሏል።

«መጣሽ ልጄ?» አሉ ምቦክ። «ቅጠሏን አየሻት? አዲስ አውጥታለች አሉኝ።»

ዉርያኒ አፏን ይዛ ወጣችና ከግድግዳው ኋላ አስመለሳት። ያስመለሳት ሽታው አልነበረም፤ ያ የወንድሟ ፈገግታ ነው። ተመልሳ እሳት አቀጣጠለች። ማድቤቱ አጠገብ ክዳኑ በድንጋይ የተጫነ ጋን ነበር፤ ክዳኑን አንስታ ውሃውን እየቀዳች አሞቀች። የእናቷን ልብስ ገፈፈች፣ ዝንቦቹን አባረረች፣ ቁስሉን ጠረግ ጠረግ እያደረገች ታጥብ ጀመር።

ሱካምቶ ጥጡን እንደያዘ ብቅ አለ። «የዝናቡን ውሃ! አብደሻል እንዴ? ዝናብ እስኪመጣ ምን ላጠጣት ነው? የጉድጓዱ ኖራ አለበት፣ ቅጠሏን ያነጣባታል!»

«ሱካምቶ» አለችው። ማስ አላለችም፤ ከተወለደች ጀምሮ በባዶ ስሙ ጠርታው አታውቅም። «ለእንግዶችህ ፍየሎቹ ገላቸውን እየታጠቡ ነው በላቸው።»

ድምጿ ሳሎን ድረስ ተሰማ። ሳቁ ቆመ፣ ሰዎቹም አንድ በአንድ ጫማቸውን ፈለጉ። ፓክ ሱጊማን ግን ወደ ማድቤቱ መጣ። ይቅርታ ሊል መስሏት ቀና አለች።

«እህቴ፣ ለወንድምሽ ንገሪልኝ» አለ በሹክሹክታ። «ስታፈራ አንድ ዘር ያስቀምጥልኝ።»

ዉርያኒ እግሩ ሥር እንትፍ አለች።

«ተዪ ልጄ» አሉ ምቦክ እጇን ይዘው። «ክፍሉን ልልቀቅላት ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ ገና ታድጋለች፤ እኔ ከእንግዲህ ምን እሆናለሁ?»

ይህም አንገሸገሻት። እውነት ይሁን ለልጃቸው ያበጁት ሽፋን መለየት አልቻለችም፤ በእናቷ ላይ እንዲህ መማረሯ ደግሞ ከሁሉ የባሰ አስጠላት። በማግስቱ ጎመን በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ አስገብታ ሶሎ ወሰደቻቸው። ሱካምቶ ሊሸኛቸው አልወጣም፤ ቅጠሎቹን ውሃ የሚረጭበት ሰዓት ነበር።

በሶሎዋ ጠባብ ክፍል የምቦክ ቁስል ቀስ በቀስ ደረቀ። ደጅ ወጥተው ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ ከምትሸጠው ሴት ጋር መጨቃጨቅ ጀመሩ። ስለ ልጃቸው ሲጠይቁ ዉርያኒ «ደህና ነው» ብላ ወሬ ትቀይራለች።

ለዒድ ሱካምቶ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። እንደ ወጉ ተንበርክኮ ግንባሩን በእናቱ ጉልበት ላይ ደፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። አለቀሰም። ምቦክ በደህናው እጃቸው ጸጉሩን ዳበሱት። «ከስተሃል ልጄ» አሉት።

ቀጥሎ ታናሽ ታላቋን ይቅርታ መጠየቅ አለባት። ሱካምቶ እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። የእናቷ ዓይን እሷ ላይ ነው። ዉርያኒ የጣቶቿን ጫፍ ብቻ ሰጠችው፤ የተለመደውን የይቅርታ ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች፣ አልወጣላትም።

ከዚያ ጓሮ ወጥታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማም ታጠበች።