የጎደለችው የናስ ቅጠል

ሞተሩ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ ነከሰ። አራት ወር ሙሉ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተገጥሞ፣ የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ አንድ ጊዜ ጮኸና ቀጥ አለ። ባለቤቱ ጡረተኛው ዳኛ ከስልሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን መኪናቸውን በገመድ አስጎትተው ወደ ጋራዡ መለሱትና፣ "ረፋዱ ላይ እመጣለሁ፤ ምክንያቱን አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ" ብለው ሄዱ።

ምክንያት የማዘጋጀቱ ሥራ የልጅቱ ነው። በምህንድስና ተመርቃ አባቷ ጋራዥ ከገባች ሦስት ዓመቷ ሲሆን፣ "ምን ነክቶት ይሆን" እያሉ ሞተር የሚዞሩ ሰዎች ለቅሶ የመጡ ይመስሏታል። ካርቶን አንጥፋ መኪናው ሥር ገባች፤ የዘይት ቋቱንም አወረደች። ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ያብረቀርቃል።

"ሦስተኛው ነው" አለች ከሥር ሆና።

"ሦስተኛው ምኑ?" አለ አባቷ።

"ቢዬላው። ብሮንዚኑ ቀልጦ ኮሎው ላይ ተለጥፏል።"

ኮሎ የሞተሩ አከርካሪ ነው፤ ፒስተኖቹ በቢዬላ አማካይነት ይገፉታል፣ እሱም ይሾራል። ቢዬላው ኮሎውን በሚያቅፍበት ቦታ፣ በኮሎውና ብሮንዚን በሚሉት የቢዬላው ለስላሳ ብረት ልባስ መካከል ለዘይት የሚተው ክፍተት አለ፤ አምስት መቶኛ ሚሊ ሜትር። ከሰፋ ያንኳኳል፤ ከጠበበ ዘይት አያሳልፍም፣ ይነክሳል። በዚህ ዓይነቱ አሮጌ ሞተር ክፍተቱ የሚስተካከለው ስፔሶር በሚሏቸው፣ በቢዬላውና በክዳኑ መካከል ግራና ቀኝ በሚገቡ፣ ከወረቀት በሳሱ የናስ ቅጠሎች ነው። አንድ ቅጠል ሲጨመር ይሰፋል፣ አንድ ሲነሳ ይጠባል።

አባቷ ይህን በመሣሪያ ለክቶ አያውቅም። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ ብርማውን ወረቀት ቆርጦ ያስገባል፣ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ከዚያ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ይስባል። "እንቢ እያለ እሺ ሲል፣ ልኩ እሱ ነው" ይላል። አርባ ዓመት እንዲህ ሠርቶ አንድም ሞተር ተመልሶበት ስለማያውቅ፣ የወጣለት ስም "ሚዛኑ" ነው።

"ሚዜው አበላሽቶት ነው" አለ ሚዛኑ። "የኮሎውን ሦስተኛ አንጓ በደንብ አልፈጨውም።"

ሚዜው ኮሎውን የፈጨው የቶርኖ ቤት ባለቤት ነው። ሰርጉ ላይ ሚዜው ስለነበረ አባቷ ዛሬም በዚሁ ይጠራዋል፤ ሌላውም ሰው ከእሱ ወርሷል።

"ከቶርኖ ቤት ሲመጣ አራቱንም አንጓዎች ለክቻቸዋለሁ" አለች። "አንድ ዓይነት ነበሩ።"

"መሣሪያ ይዋሻል።"

"አራቱንም ጊዜ ተመሳሳይ ውሸት?"

"አንቺ ልጅ፣ በጠዋቱ ጠበቃ አትሁኚብኝ። ዳኛ ይበቃኛል።"

የቢዬላዎቹን ክዳኖች አንድ በአንድ ፈትታ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው፤ ስፔሶሮቹንም ከየጎናቸው አስቀመጠች። አንደኛው ግራ ሦስት፣ ቀኝ ሦስት። ሁለተኛውም እንዲሁ። አራተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ግራ ሁለት፣ ቀኝ ሁለት። እንደገና ቆጠረች። ልጅ ሆና ሒሳቧ ሲሳሳት እንደምታደርገው፣ ሦስተኛ ጊዜም ቆጠረች። ኮሎው የተቧጠጠ ስለሆነ አሁን ቢለካ ምንም አይናገርም፤ ሚዜው ቢከሰስ የሚመሰክርለት እነዚህ ቅጠሎች ብቻ ናቸው።

"እስቲ አሳይኝ" አለ አባቷ። ከጠረጴዛው በላይ የተንጠለጠለውን አምፖል ሊያዘነብለው ያዘው። እሷ ከአፍታ በፊት ነክታው እጇ ተንጨርጭሮ ነበር የለቀቀችው። አባቷ ግን ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ክዳኖቹን ያያል። የተቃጠለ ቆዳ ሸተታት።

"አባዬ! እጅህ!"

"ምን ሆነ?" አለ። ለቀቀው። የጣቶቹ ጫፍ ነጭ ሆኗል። አያቸውና እጁን ኪሱ ከተተው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ?"

"አባዬ።"

"ከክረምቱ ወዲህ። ስኳሩ ነው ይላል ሐኪሙ። ምንም አይደለም፤ ጫፍ ጫፉ ብቻ ነው።"

"ጫፍ ጫፉ እኮ ነው ሥራህ።"

እሷ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ የሆነው ነገር ያለ ጥያቄ ታያት። ወረቀቱ እንቢ ሲል ጣቱ አልሰማም፤ ሰፍቷል ብሎ ከየጎኑ አንዳንድ ቅጠል አነሳ። በቃ።

ዳኛው ሲገቡ ሚዜው ከኋላቸው ነበር፤ ወሬ ሰምቶ ከነሽርጡ መጥቷል። የማሽን ጩኸት ጆሮውን ስለበላው ሲያወራ ይጮኻል።

"እሺ፣ ችሎቱ ተሰይሟል" አሉ ዳኛው። "ተከሳሹ ማነው?"

ሚዛኑ ጉሮሮውን ጠረገ። "ኮሎው..." አለና ቀረ።

ሚዜው ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። ቅጠሎቹን በዓይኑ ብቻ ቆጠረ፤ ከዚያ የጓደኛውን ኪስ የገባ እጅ አየ።

"እኔ ነኝ ዳኛ!" ብሎ ጮኸ። "የመፍጫ ድንጋዬ አልቆ ነበር። ሦስተኛው ወፍሮ ቀርቶ ነው።"

"አትጩህ፣ እኔ እሰማለሁ" አሉ ዳኛው። "እንደገና ይፈጫላ።"

"አይሆንም። መጀመሪያም ነግሬዎታለሁ፤ የመጨረሻው ልክ ነበር። ከዚህ ከቀጠነ ይሰበራል።"

"ሌላ ኮሎ?"

"የት ተገኝቶ? የሠራውም ፋብሪካ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ።"

ዳኛው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው መኪናውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"እንግዲህ የሞተን አይከሱት" አሉ በመጨረሻ። "በል ሚዛኑ፣ አንተ ምን ታደርግ። የወንድሜ መኪና አለች፤ የዚህ መንትያ ናት። ሰኞ ያመጣልሃል። ኮሎዋን ግን ለዚህ ሰውዬ እንዳትሰጥ። ለሌላውም እነግራለሁ፤ እሱ ጋ ብረት የሚወስድ እብድ ነው።"

ይነግራሉ። የዳኛው አፍ ከሬዲዮ ይፈጥናል፤ እስከ ምሳ ሰዓት ያልሰማ መካኒክ አይኖርም። ሚዜው ጥፍሩ ሥር ያለውን ጥቀርሻ እየፈቀፈቀ መሬት መሬቱን ያያል።

"እሺ" አለ ሚዛኑ።

ልጅቱ ይህን ቃል እስክትሰማ ድረስ ዝም ልትል ትችል ነበር። አባቷ በቃኝ ቢል፣ አሞኛል ቢል፣ ሰበብ ፈጥሮ የሰኞዋን መኪና ቢመልስ፣ ውሸቱን ከእነሱ ጋር ውጣ ትኖር ነበር። እሺ አለ።

"ጋሼ፣ ኮሎው ልክ ነበር" አለች ለዳኛው።

"ተይ አንቺ ልጅ" አለ ሚዜው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ።

"ሦስተኛው ላይ ስፔሶር ጎድሏል። ይኸው ይቁጠሩት። ያጎደልነው እኛ ነን።"

"እኛ ማለት?" አሉ ዳኛው።

"እኔ ነኝ" ማለት ትችል ነበር፤ ቃሉ አፏ ላይ ደርሷል። ግን እሱን ብትል ሰኞ መኪናዋ ትመጣለች፤ አባቷም ወረቀቱን ቆርጦ ያስገባል።

"አባዬ ነው" አለች። "ጣቱ ደንዝዟል። ወረቀቱ አይሰማውም።"

አባቷ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከክዳኖቹ አጠገብ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አኖረው። ከነጭነት ወደ ውኃ መቋጠር የደረሱ ሁለት ጣቶች።

"ምን አተረፍሽ አሁን?" አለ ሚዜው።

ምንም አላተረፈችም። ሞተሩ እንደሞተ ነው፤ ኮሎ የለም፤ የአባቷ አርባ ዓመት በአንድ ጠዋት አልቋል። ትክክል መሆኗ ቅባት አልሆነላትም። አባቷን አላየችውም፤ ብታየው ይቅርታ እንደምትጠይቅ፣ ይቅርታ ከጠየቀች ደግሞ ያለችውን እንደምትሽር ታውቃለች። እጇን በጨርቅ ጠረገችና ወጣች።

ውጪ መኪናውን የጎተተው ሹፌርና ሁለት ሥራ ፈቶች አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው እጅ ያያሉ። የጋራዡ በር በቀን ተዘግቶ አያውቅም፤ ውስጡ መስኮት የለውም። ሁለቱን የቆርቆሮ መዝጊያዎች ሳበች፣ ገጠመቻቸው፣ ዘጋቻቸው።