ለአዛዥነት የቀረቡ ሁለት ማመልከቻዎች

«እዚህ ጋ ‹ድንበሬን ገፍቶ› በል፤ ‹ወንድሜ› ግን እንዳትል፣» አሉ አቶ ኤርካሎ፣ ጣታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ቀስረው። «ወንድም መሆኑን እነሱ ይወቁት።»

ሣራ ጻፈች። ሽማግሌው አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላሉ። ከዲምቱ ሶዶ ድረስ የመጡት እዚያ የሚጽፍ ጠፍቶ አይደለም፤ እዚያ የሚያስጽፉት ነገር ቀለሙ ሳይደርቅ መንደሩ ስለሚሰማው ነው። የመሬታቸውን ንድፍ የያዘች የታጠፈች ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተዋል።

«አደራ ልጄ። ይሄ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።»

«አይወጣም አባባ። እዚህ የተጻፈ እዚህ ይቀራል።»

ይህ የጽሕፈት ቤቱ ባለቤት የወይዘሮ አስናቀች ሕግ ነው። ከሣራ በፊት የነበረችው ጸሐፊ የተባረረችው በስንፍና ሳይሆን በወሬ ነበር።

ሣራ ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሊሆን አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለፖሊስ አዛዥነት ቃለ መጠይቅ አለባት፤ የምትፈተነውም እዚሁ፣ በሁለተኛው ኮምፒውተር ነው።

ፖሊሱ የጨዋታ ፖሊስ ነው። ጎሕ ከተማ የምትባለው በኢንተርኔት የምትገኝ ከተማ ናት፤ ሾፌሩም፣ ሐኪሙም፣ ሌባውም እውነተኛ ሰው ነው፤ ሁሉም በየቤቱ ተቀምጦ በገዛ ድምፁ ድርሻውን ይጫወታል። ሣራ እዚያ ኢንስፔክተር ናዲያ ትባላለች። ሥራ አመራር ከተመረቀች አራት ዓመቷ ነው፤ ሰባት መሥሪያ ቤት አመልክታ ሰባት ጊዜ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሟን ፈልጋ አጥታለች። የቀረውን ጊዜ የሌሎችን ማመልከቻ ስትጽፍ ከርማለች። ጎሕ ከተማ ውስጥ ግን የማን ልጅ እንደሆነች የጠየቃት የለም። በስምንት ወር ከተራ ጠባቂነት ኢንስፔክተርነት ደረሰች። አሁን አዛዡ ለቋል፤ የቀሩት ተወዳዳሪዎች ሁለት ናቸው፣ እሷና እስራኤል የሚባል ባልደረባዋ። ይህን ሹመት የምትፈልገውን ያህል እነዚያን ሰባቱን አልፈለገችም፤ ለሰው መናገር ግን ያሳፍራታል።

ሌሎቹ ፖሊሶች እያባረሩ ሲያስሩ እሷ ጠበኞችን ጣቢያው ፊት ለፊት ሣር ላይ ታስቀምጣለች። አባቷ ባደገበት መንደር ሽማግሌዎች ጉታራው ላይ፣ ማለት የመንደሩ የጋራ ሣር ላይ፣ የተጣላን ሰው እንዲህ ነው የሚያስቀምጡት፤ የበደለም የተበደለም ተናግሮ እስኪጨርስ የሚያቋርጠው የለም። መጀመሪያ ሳቁባት። ኋላ ሌቦቹ ሳይቀሩ «ናዲያ ትምጣልን» ማለት ጀመሩ።

ጣጣው የመጣው የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ በገበያ ቀን ነው። ከቤሌ የመጣ አንድ ወጣት ጽሕፈት ቤቱ ገብቶ «ማመልከቻ ነበር፤ ለጌም ነው፣ እንዳትስቂ» አላት። ገና አፉን ሲከፍት ድምፁን ለየችው፤ እስራኤል ነበር። እሱ አላወቃትም። እስራኤል ሲናገር እንጂ ሲሰማ ጎበዝ አይደለም። የያዘው ወረቀት ላይ «መሪ መሆን እፈልጋለሁ። ጎበዝ ነኝ» ከሚል በቀር ምንም አልነበረም።

ሣራ ባዶ ወረቀት ሰጥታ ሰው መሸኘት አትችልም፤ በሽታዋ ነው። ምን ልታደርግ አስበሃል ስትለው ትከሻውን ነቀነቀ። ስለዚህ እሷ አሰበችለት፤ ጉታራውንም፣ ሣሩንም አስገባች፤ መጨረሻው ላይ «ሰው ከመታሰሩ በፊት ይደመጥ» ብላ ዘጋችው። አነበበና «እንዴ! ልክ እኔ ያሰብኩትን!» አለ። እሷ ያን ጊዜ የመወዳደር ሐሳብ አልነበራትም። ማታ ቤቷ ገብታ የጻፈችውን ስታስበው ግን የገዛ ቃሏ አሳመናት፤ እሱ ካስገባ ከሁለት ቀን በኋላ የራሷን አስገባች። ቃላቱን ቀያየረች፤ ሌላ ሐሳብ ግን ከየት ታምጣ? የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር መተው ደግሞ አንጀቷ እምቢ አለ። ሞኝ ናት የሚል ካለ አልከራከረውም።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ፣» ብላ ወንበሯን ወደ ሁለተኛው ኮምፒውተር ሳበች። ማዳመጫው ተበላሽቷል፤ ድምፁ በስፒከር ይወጣል። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በሦስተኛው የጨዋታው አስተዳዳሪ፣ ባርኮት፣ ከአዲስ አበባ ተሰማ።

«ኢንስፔክተር ናዲያ፣ ማመልከቻሽ ግሩም ነው። ችግሩ፣ ከአንቺ በፊት አንብበነዋል።»

«አልገባኝም።»

«እስራኤል ሁለት ቀን ቀድሞሽ አስገብቷል። ሐሳቡ አንድ ነው፤ መጨረሻው እንዲያውም ቃል በቃል። ቀድተሻል?»

ፊቷ ጋለ። «አልቀዳሁም። ስምንት ወር ሙሉ ሣሩ ላይ ሰው ሳስቀምጥ አይታችሁኛል እኮ!»

«አይተናል። ምናልባት እሱም አይቶ ይሆናል። በጽሑፍ ግን እሱ ቀደመ። ማስረጃ ካለሽ አሁን አሳዪን።»

ማስረጃውማ አለ። የመጀመሪያው ኮምፒውተር ውስጥ «እስራኤል፣ ቤሌ» ተብሎ፣ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ተቀምጧል። በስልኳ አንድ ፎቶ አንስታ መላክ ብቻ ነው። ወንበሯን መልሳ ሳበችና የሽማግሌውን ጽሑፍ ዝቅ አድርጋ ፋይሉን ከፈተች።

አቶ ኤርካሎ ደንግጠው ብድግ አሉ። «ልጄ፣ የኔን ነው የምታሳየው?»

«አይ አባባ፣ የእርስዎን አይደለም። የሌላ ሰው ነው።»

«የሌላ ሰው፣» ብለው ደገሙ። ጠረጴዛው ላይ የዘረጉትን ንድፍ በቀስታ አጠፉና ወደ ኮታቸው ኪስ መለሱት።

ሣራ ስልኳን እንደያዘች ቀረች። በገነች። በእስራኤል በገነች፣ በአስናቀች ሕግ በገነች፣ ዛሬን መርጠው በመጡት ሽማግሌ በገነች፤ ከሁሉ ይልቅ አሳንሶ መጻፍ በማያውቀው በገዛ እጇ በገነች።

«ናዲያ? ማስረጃው?»

«የለኝም፣» አለች።

«እንግዲህ ሹመቱ የእስራኤል ነው። ግን አጻጻፍሽን ወደነዋል፤ የመዝገብ ክፍሉን ብትይዢልን . . .»

የስፒከሩን ገመድ ነቀለችው። በስምንት ወር አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ አልቅሺ አልቅሺ ብሏት አያውቅም። ፋይሉን ዘግታ የሽማግሌውን ጽሑፍ መለሰች።

«እሺ አባባ፣ የት ደርሰን ነበር?»

አቶ ኤርካሎ ትንሽ አዩዋት። ከዚያ ወረቀታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉ። «‹ድንበሬን ገፍቶ› ላይ።»

ሁለት መስመር ሳትጨርስ ስልኳ ጠራ።

«እኅቴ፣ ሶዶ ያለሽው ጸሐፊ ነሽ አይደል? እስራኤል ነኝ፣ የቤሌው! ተሾምኩልሽ! ዛሬ ማታ ለፖሊሶቹ ንግግር አደርጋለሁ፤ አሳምረሽ ጻፊልኝ። ያቺን ያልኳትን ነገር እንዳትረሺ፣ ሁሉም የወደዷት እሷን ነው።»

«የቷን?»

«ያቺን እንኳ፣ ‹ሰው ከመታሰሩ በፊት› . . .» ቆመ። ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማል። «ከዚያ ምን ነበር?»

አቶ ኤርካሎ እጃቸውን ንድፋቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

«ከዚያ ምን ነበር፣ እኅቴ?»

ሣራ ቃሉን ታውቀዋለች። አልነገረችውም፤ ስልኩንም አልዘጋችም።