በርካሽ ያልተሸጠው በቆሎ

ገበሬዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ በየዓመቱ የሚገጥማት ያው ነበር። በቆሎው ገና ተፈልፍሎ ሳያልቅ እህል ነጋዴው የጭነት መኪናውን በሯ ላይ ይገትራል። የማዳበሪያ ዕዳና የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አንገቷን አንቀው ስለሚይዟት፣ የጠራላትን ዋጋ ተቀብላ ታስረክበዋለች። ክረምት ገብቶ ጎተራው ባዶውን ሲቀር ደግሞ የገዛ በቆሎዋን ከዚያው ሰውዬ መደብር በእጥፍ ትገዛለች።

ዘንድሮ ግን የሴቶቹ የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዥ አዲስ ሐሳብ አመጣች። «እህላችሁን አትሽጡ። ማኅበሩ መጋዘን አስገቡና እህሉን አስይዛችሁ ተበደሩ። ዋጋ ሲወጣ ሸጣችሁ ትከፍላላችሁ፤ የቀረው የቤታችሁ ነው።»

አማቷ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ።

«ነቀዝ ቢበላውስ? በዕዳ ላይ ረሃብ ልትጨምሪብን ነው?»

«እማማ፣ ነጋዴውስ ከነቀዝ በምን ይሻላል? ነቀዝ እንኳ የበላውን መልሶ አይሸጥልንም!»

አሮጊቷ ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

ነጋዴው እንደ ልማዱ ከተፍ ሲል፣ «አልሸጥም» አለችው።

«ሌላ ገዢ አገኘሽ እንዴ?»

«ኧረ የለም።»

«ግድ የለም፣ ሲርብሽ በእግርሽ ትመጫለሽ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

በቆሎውን መጋዘን አስገብታ በወሰደችው ብድር የማዳበሪያውን ዕዳም የልጆቹንም ክፍያ ዘጋች። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣች። መጋዘን እየሄደች እጇን ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኗ ትከታለች፤ ፍሬውን በጥርሷ ትሰብራለች። ዝናቡ በበረታ ሰሞን ጣሪያው አፈሰሰና ዳር ላይ የነበሩት ጆንያዎች ራሱ። ልቧ ስንጥቅ አለ። ፀሐይ ብቅ ስትል ሴቶቹ ሁሉ ተጠራርተው በቆሎውን ግቢው ላይ አሰጡት። አማቷም ከዘራቸውን ጥለው፣ ነጠላቸውን አሸርጠው በእጃቸው ሲያገላብጡ ዋሉ። አንድም ፍሬ አልሻገተም።

እህል ከየቤቱ ሲጠፋ ዋጋው ጣሪያ ነካ። ነጋዴው የሚገዛው እህል አጥቶ መጋዘኑ በር ላይ መጣ። ቀድሞ አንድ በአንድ ያገኛቸው የነበሩት ሴቶች አሁን ባንድ ላይ ቆመው ጠበቁት። ዋጋ ጠራ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጨመረ፤ አሁንም ነቀነቁ። አማቷ ናቸው የጨረሱት፦ «ልጄ፣ ወይ ደህና ዋጋ ጥራ፣ ወይ መንገዱን ልቀቅ፤ ከኋላህ ሌላ መኪና ቆሟል።»

እውነትም ቆሞ ነበር። ሰውዬው ላቡን ጠርጎ እነሱ ያሉትን ከፈለ።

ብድሯን ከነወለዱ መለሰች። ያልሸጠቻቸውን ጆንያዎች በጋሪ አስጭና ከፊት ከፊት እየሄደች ቤቷ ስትገባ ልቧ ቅቤ ጠጣ።

ያን ቀን ልጆቹ በቃን እስኪሉ በሉ፤ ድስቱ ውስጥም ተረፈ። ክዳኑን እንደያዘች ቆማ አየችው። በዚህ የክረምት ወር ከቤቷ ምግብ ተርፎ አያውቅምና ምን እንደምታደርገው ግራ ገብቷት፣ ብቻዋን ሳቀች።